ምላስ ሥር የቀረች ኪኒን

"አፍሽን ክፈቺ… ዋጥሽው?"

በለጠች አፏን በትንሹ ከፈት አደረገች።

ነርሷ አየት አድርጋት አለፈች።

ኪኒኗ ግን ምላሷ ሥር ነበረች…

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ አንድ ሆስፒታል፣ የሴቶች ክፍል።

በለጠች አስተማሪ ናት። ያን ዕለት ጠዋት የአንገቷ እንቅርት በኦፕራሲዮን ወጥቶላታል።

ፈረንጁ ሐኪም እናቷን ወይዘሮ ጥሩወርቅን በአስተርጓሚ አስጠንቅቋቸዋል።

"እንዳትስል! ሳል የታሰረውን ደም ሥር ይፈታዋል። ኪኒኑ ሳሏን አብርዶ ያስተኛታል። ተኝታ ትዳን።"

ታዲያ ለምን ደበቀችው?

ነገሩን ያመጣችው አጠገቧ የተኛችው፣ ከቢዮ አዋሌ የመጣችው ነጋዴ ኡባህ ናት።

"አስተማሪ፣ ይቺን ኪኒን የዋጠ ሰው ሚስጥር የለውም፣ ወላሂ!" አለቻት። "እኔ ተኝቼ የኮንትሮባንድ ጨርቄን የት እንደደበቅኩ ለሐኪሙ ዘርዝሬለታለሁ አሉ። ደግነቱ ፈረንጅ ነው፣ ሶማልኛ አይሰማ!"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

በለጠች ብቻ አልሳቀችም።

የእሷ ሚስጥር ጨርቅ አልነበረም… ሰው ነበር።

ሲያድ ይባላል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ሶማሌ ነው፣ ሙስሊም ነው። የእሷ አባት ደግሞ ከባቡር ሥራቸው ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ቤት የማይገቡ ሰው ናቸው።

በሱቁ በር ባለፈች ቁጥር "አስተማሪዬ፣ ዛሬም ሳትገቢ ልታልፊ ነው?" ይላታል።

እሷ መሬት መሬት እያየች "ደህና ዋል" ትላለች።

ፍቅራቸው ይኸው ነበር። በልቧ ያለውን ማንም አያውቅም… እሱ ራሱም ቢሆን።

አሁን እናቷ ራስጌዋ ተቀምጠዋል። በእንቅልፍ ልቧ ስሙን ብትጠራስ?

"ከዚያስ ሞት ይሻለኛል" አለች በሆዷ።

እናቷ ሳያዩ ኪኒኗን መሐረቧ ውስጥ ተፋቻት።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሳሉ መጣ።

ዋጥ አደረገችው። ደግሞ መጣ… ጉሮሮዋን ቧጠጣት።

እናቷ ደነገጡ። "ምነው ልጄ? ኪኒኑን አልዋጥሽውም እንዴ?"

"ውጬዋለሁ እማዬ…"

በሙሉ ድምፅዋ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይህ ውሸት ነበር።

ሳሉ ገንፍሎ ወጣ። አንገቷ ከፋሻው ሥር አበጠ። ትንፋሽ አጠራት። እናቷ እየጮኹ ወጡ፣ ሐኪሙ እየሮጠ ገባ… ስፌቱን ፈትቶ የታፈነውን ደም አፈሰሰ።

ነፍሷ ተረፈች።

ድምፅዋ ግን አልተመለሰም፤ የታፈነው ደም የድምፅ ነርቯን ጎድቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ከአፏ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ… እሱም ጆሮውን ላስጠጋላት ሰው የሚሰማ።

ቁስሉ ገና ሳይጠግግ አንድ ቀን ሲያድ በሩ ላይ ቆመ።

በለጠች ደርቃ ቀረች። የበለጠ ያስደነገጧት ደግሞ እናቷ ናቸው።

"ግባ ልጄ" አሉት። ነጠላቸውን ሰብስበው በሩ ድረስ ወጣ አሉላቸው።

ሲያድ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

"አስተማሪዬ… መናገር እንደማትችዪ ሰምቻለሁ። ጅቡቲ ሥራ ተገኝቶልኛል። አትሂድ ካልሽኝ ግን እቀራለሁ። ቃል አልፈልግም… ቀና ብለሽ ብቻ እዪኝ። ካየሽኝ አልሄድም።"

ቀና ልትልለት ፈለገች።

ግን እማዬ በሩ ላይ ናት…

በሕይወቷ ቀና ብላ አይታው አታውቅም። ያን ዕለትም አልቻለችም። ዓይኗ አንሶላው ላይ ተተከለ፤ እንባዋን እንዳያይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሲያድ ጠበቀ… ጠበቀ…

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ገባኝ።"

ሄደ። ጅቡቲ አገባ፣ ወለደ ተባለ።

በለጠች አላገባችም። ድምፅ የሌላት አስተማሪ ልጆቹን ማንበብ ማስተማር አቃታትና ጥልፍና ስፌት ማስተማር ያዘች፤ እሱን በእጅ ማሳየት ይቻላል።

ዓመታት አለፉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አርጅተው አልጋ ያዙ። አንድ ከሰዓት ፀጉራቸውን እያበጠረችላቸው ሳለ ድንገት ጠየቋት።

"በለጡ… ያን ልጅ ግን ምን አድርጎሽ ነው የጠላሽው?"

"ማንን?" አለች በጆሯቸው።

"ሲያድን ነዋ! ስሙን ይዤ እያጠያየቅኩ ቀፊራ ድረስ ሄጄ የጠራሁት እኮ እኔ ነኝ።"

ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ።

"ከኦፕራሲዮን ሲያወጡሽ ማደንዘዣው ገና አልለቀቀሽም ነበር። ሲያድ፣ ሲያድ እያልሽ ነው የወጣሽው… መጀመሪያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ያን ሁሉ ደም ሳይ፣ 'ከፈለገች ባቡሩን ታግባ፣ ብቻ ትትረፍልኝ' አልኩ። አባትሽን እኔ እችለው ነበር። አንቺ ፊትሽን ስታዞሪበት ጊዜ… ለካ የማደንዘዣ ቅዠት ነው አልኩ። አንስቼ ላሳፍርሽ አልፈለግኩም። ዝም አልኩ።"

በለጠች ቁጭ አለች።

ኪኒኗን ከመቀበሏ በፊት ሚስጥሩ ወጥቶ ነበር…

ድምፅዋን የሰጠችው እናቷ አስቀድመው ለሰሙት ነገር ነው!

ወደ እናቷ ተጠጋች። ስታለቅስ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"እማዬ… ያንን ኪኒን አልዋጥኩትም ነበር… እወደው ነበር…"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጆሯቸው ደክሟል። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

"ምን አልሽኝ ልጄ?… አልሰማሁሽም… እስቲ ጮክ በይ…"

ወዳጆቼ… ዓይነ አፋርነት ያስከብራል ብለው አሳድገውናል። ከሐኪም ፊትና ከእናት ፊት ሲሆን ግን ዕድሜ ያስከፍላል። መድኃኒቱን ከፈራችሁ "ፈራሁ" በሉ። ልባችሁ ውስጥ ያለውንም ሰሚው ጆሮ ሳይደክም ተናገሩት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ… የልጃችሁን ሚስጥር በእንቅልፍ ልቧ ብትሰሙ፣ ስትነቃ "ሰምቼሻለሁ" ትሏት ነበር ወይስ እንደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንዳታፍር ብላችሁ ዝም ትሉ ነበር?