ለመጣ ሰው የተከደነ ሳህን

የወደብ ከተማዋ የፑዌርቶ ፕላታ ሰዎች ስለ ኔሬይዳ ሲያወሩ «ከቁንጫ ሌጦ ታወጣለች» ይሉ ነበር። ስድብም ነው፣ ምስጋናም ነው። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችንና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችን የሚረዳው ድርጅት በእሷ ጭንቅላት ነው የሚያድረው። በጀቱን የምታወጣው እሷ ናት፣ ቦርዱ ፊት ቆማ የምትሟገትለትም እሷ።

በዚያ ዓመት ለጋሾቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከሚሰጡት ሲሶውን ቀነሱና ለቀረውም አዲስ ደንብ አመጡበት፤ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው አንድ ጉርሻ እንዳይቀምስ። ኦዲተር ይመጣል፣ ደንቡ ፈርሶ ካገኘ የቀረውም ይቆማል። ከቆመ መጀመሪያ የሚዘጋው የሕፃናቱ ማቆያ ነው። እናቶቹ ልጅ አዝለው ሥራ አይገቡ፣ ጥለውም አይገቡ። ኔሬይዳ እንቅልፍ አጣች።

ቤቷ እንኳን አያስቸግራትም ነበር። ባሏ ፊደንሲዮ ወደቡ ላይ የጉምሩክ ጸሐፊ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጨዋ ሰው። ከክረምቱ ወዲህ ደመወዙ እየዘገየ ቤቱ በእሷ ብቻ ቆሟል፤ እሱ ግን ወጪ አያበዛም። ማታ ራት ስታቀርብለት «ቢሮ አብልተውናል፣ ለነገ ይቆይሽ» ይላታል። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ የበላበትን ዕቃ ራሱ ያጥባል። ጎረቤቶቿ ያገባሽው ባል ነው ወይስ ገረድ እያሉ ይስቁባታል፤ የእነሱ ባሎች ውሃ መቅጃውን እንኳ የት እንዳለ አያውቁትም።

ቢሮዋ ዳገቱ ላይ ነው፣ ድርጅቱ የሚያበላበት ወጥ ቤት ታች ወደቡ አጠገብ። አንድ ቀን ሳይጠብቋት ወረደች። ምሳ ተበልቶ አልቋል፣ ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ ያንኳኳሉ፣ እየተሰዳደቡም ይስቃሉ። በጓሮው በር በኩል ግን፣ የግንብ አጥሩ ጠርዝ ላይ፣ በሌላ ሳህን የተከደነ ትኩስ ምግብ ተቀምጧል። ከፍታ አየችው። ሩዝ፣ ቀይ ባቄላ፣ የዶሮ እግር።

«ይሄ የማን ነው?» አለቻት ኤዱቪሂስን። ኤዱቪሂስ ያንን ወጥ ቤት ያቋቋመች አሮጊት ምግብ አብሳይ ናት።

«ለመጣ ሰው ነው።»

በዚያ አገር ድስት የጣደች ሴት ሁሉ አንድ ሳህን አስተርፋ ትከድናለች፣ ደጅ ለሚመጣ። የኔሬይዳም እናት ትከድን ነበር። ግን እናት ቤት ኦዲተር አይመጣም።

«ማን ነው የሚመጣው?»

«የራበው ነዋ፣ ልጄ። የጠገበማ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

በሌላ ቀን አመሻሽታ ስትወርድ ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ ግንቡ ላይ ተደፍቷል። አገላብጣ አየችው። ታጥቧል፣ ጠርዙ ላይ የቅባት ምልክት እንኳ የለም። የራበው ሰው በልቶ ይሄዳል እንጂ ሳሙና ፍለጋ ይዞራል? ይሄ ራብተኛ አይደለም፣ ደንበኛ ነው አለች በልቧ። የኤዱቪሂስ ልጅ መናኸሪያው አጠገብ ምሳ ይሸጣል። ነገሩ ሁሉ ገጠመላት።

ማታ ለፊደንሲዮ አወራችው። ሰምቷት ሰምቷት፣ «አንድ ሳህን ምግብ መርከብ አያሰጥምም፣ ኔሬ» አላት። «ሌላ ነገር ቀንሺ።»

«አንተ ምን ቸገረህ፣ ቢሮህ ያበላሃል።»

ሸሚዙን ሊተኩስ ተነሳ።

ዓርብ ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ዶን ኤራስሞ ነው፤ ሆዱ በር ቀድሞት የሚገባ፣ ስለ ድሆች ራብ ግን ሲናገር የሚያስለቅስ ሰው። ኔሬይዳ በጀቱን አቀረበች፣ የሳህኑንም ነገር ሳትደብቅ ተናገረች። ኤዱቪሂስ ተጠራች።

ኔሬይዳ ክፉ ሴት አልነበረችም። አሮጊቷን ለማትረፍ መንገድ ፈልጋ ነበር የመጣችው።

«ስሙን ብቻ ይንገሩን» አለቻት። «እንመዘግበዋለን። ሳህኑም ይቀጥላል፣ እርስዎም ሥራዎ ላይ ይቆያሉ።»

«ስሙ የተጻፈ ዕለት መምጣቱን ይተዋል። ኩሩ ሰው ነው።»

«ልጅዎ ነው የሚወስደው?»

«የኔ ልጅ ለራሱ መች አነሰው።»

«እንግዲያው ማን ነው? ስም ከሌለ ልረዳዎት አልችልም።»

ኤዱቪሂስ ኔሬይዳን ብቻ ትክ ብላ አየቻት። ዶን ኤራስሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች አሮጊቷ፤ ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ወጣች።

ዶን ኤራስሞ እንዲህ ያለ አፍ በድርጅቱ ጥላ ሥር አይውልም አለ፣ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። በጀቱ ጸደቀ። የሕፃናቱ ማቆያ ተረፈ። ኔሬይዳን እጇን እየጨበጡ እንኳን ደስ አለሽ አሏት፤ እሷ ግን ነጭ ሽንኩርት ከሚሸተው ሽርጥ ላይ ዓይኗን መንቀል አቅቷት ነበር።

ሰኞ አዲስ ምግብ አብሳይ ገባች። የጓሮው በር ጓጉንቸር ተበጀለት። ኔሬይዳ ራሷ ወርዳ ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፤ ያዘ።

ቤቷ ስትደርስ ጀምበሯ ገና አልጠለቀችም። ፊደንሲዮ ቀድሟት ገብቷል። የተተኮሰ ሸሚዙን እንደለበሰ ባዶው ገበታ ፊት ተቀምጧል፣ ሁለት እጁን ጭኑ መሃል ከቶ።

«ኔሬ» አላት ቀና ሳይል፣ «የሚበላ ነገር ይኖራል?»