የሼህ እንድሪስ ድምፅ

ከአብዮቱ በኋላ የወጣው ሕግ የእርቅ ፓርቲን አባላት አያስርም፤ ድምፃቸውን ይዘጋል። አንገታቸው ላይ የምትታሰር ቀጭን ቀለበት ድምፃቸውን ለይታ ታፍነዋለች። ለዚህ ግን አስቀድሞ ጥርት ያለ የድምፅ ቅጂ ያስፈልጋል።

አባቴ ሼህ እንድሪስ የፓርቲው የኮምቦልቻ ተጠሪ ነበሩ። አብዮተኞቹን «አሸንፋችኋል፤ አሁን ታረቁ» ከማለት በቀር ያጠፉት ነገር የለም። የከተማው ሹም የድምፃቸውን ቅጂ ካላመጣሁለት ባሌን ከሥራ እንደሚያባርረው ሲነግረኝ ግን ፈራሁ። አባባ በሠርጌ ቀን ዱዓ ሲያደርጉልኝ የተቀዳውን ወስጄ ሰጠሁት።

ልጄ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ስም እንዲያወጡለት አስታቀፍኳቸው። እንደ ወጉ አዛን ሊሉለትና ዱዓ ሊያደርጉለት ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንገታቸው ላይ የታሰረችው ቀለበት ግን ድምፃቸውን አፈነችው። እንግዶቹ መቼ «አሚን» እንደሚሉ ግራ ገብቷቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«አባባ፣ ድምፅዎን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ በሰው ሁሉ ፊት።

ቀና ብለው አዩኝ። አልደነገጡም፤ ለካ ያውቁ ኖሯል። ልጁን መልሰው አስታቀፉኝና የመረጡለትን ስም በጣታቸው መዳፌ ላይ ጻፉልኝ፤ አብዱልገፉር፣ የመሐሪው አገልጋይ። እያለቀስኩ በልጄ ጆሮ ጠራሁት።

ዛሬም አባባ ባሉበት ልጄን በስሙ ስጠራው፣ ቀና ብዬ ላያቸው አልችልም።