የወረቀቱ ዕድሜ

«ሃያ ሰባት» አለች የቡድን መሪዋ ጣቷን ከስም ዝርዝሩ ላይ ሳታነሳ። «ጩጬ፣ አንቺን አይመለከትሽም። ወደ ስፌት መኪናሽ!»

የስፌት አዳራሹ ሴቶች ሳቁ። ጩጬ ብለው የሰየሟት እነሱው ናቸው፤ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ከመስመሩ ሁሉ በዕድሜ ትንሿ እሷ ናት፣ ቢያንስ በወረቀት። ዛሬ ግን ከሰልፉ ፍንክች አላለችም። የጀመረችውን ኮሌታ በእጇ ጨብጣ ቆማለች።

ነርሷ ከጤና ጣቢያ የመጣችው ጠዋት ነው። ጥግ ያለውን የዕቃ ክፍል አስጠርጋ፣ አልጋ አስገብታ፣ በሩ ላይ መጋረጃ ከሰቀለች በኋላ ሴቶቹን ሰብስባ አስረዳቻቸው። የማህፀን በር ካንሰር ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያድገው፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ግን ካንሰር ከመሆኑ በፊት ይታከማል። «የምንመረምራችሁ ሲያማችሁ አይደለም፣ ሳያማችሁ ነው» አለች። በእነሱ ጤና ጣቢያ ደንብ ጤነኛ ሴት ሠላሳ ሲሞላት ትጀምራለች፤ ያልሞላት ትጠብቃለች። ወደዚህ የሚመለሱት ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ሦስት ዓመት። ጩጬ በልቧ ደመረች። ወረቀቷ ሠላሳ ሲሞላ እሷ ሠላሳ አራት ይሞላታል። ጤና ጣቢያው ድረስ ብትሄድም የምታሳየው መታወቂያ ያው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ስትቀጠር ነበር። ፋብሪካው ያኔ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ አይቀበልም፤ እሷ ሃያ አምስት ሞልቷታል። አጎቷ የሚያውቀው ሰው ዘንድ ወስዶ መታወቂያ አስወጣላትና በአንድ ጀንበር አራት ዓመት ቀነሰች። ደንቡ ከቀረ ቆይቷል፤ ውሸቱ ግን ተደላድሎ ተቀመጠ። አጠገቧ የምትሰፋው ሴት ከወንድሟ ጋር አስተዋወቀቻት፣ ተዋደዱ፣ ተጋቡ። እሱ ዘንድሮ ሃያ ዘጠኝ ነው። «በሁለት ዓመት እበልጥሻለሁ፣ አክብሪኝ እንጂ!» እያለ ይቀልድባታል። እሷም አብራው ትስቃለች።

ያቺ የባሏ እህት አሁን ከኋላዋ ተሰልፋለች።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለች የቡድን መሪዋ። «ሲስተርን ሰምተሻታል አይደል? ከሠላሳ ጀምሮ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሠላሳ አንድ ነኝ።»

እስካሁን ይንጫጩ የነበሩት ሁለት ሦስት መኪናዎች ተራ በተራ ዝም አሉ።

«ወይ ጉድ!» አለች ቁልፍ የምትተክለው ትልቅ ሴትዮ። «ሴት ዕድሜዋን ስትቀንስ ሳይ ኖሬ፣ ስትጨምር ዛሬ ገና አየሁ!» ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

ነርሷ ግን አልሳቀችም። «እህቴ፣ ምርመራው እንዳያመልጥሽ ብለሽ ከሆነ አትጨነቂ። በሃያ ሰባት ዓመትሽ ብትጠብቂ ችግር የለውም።»

«በሃያ ሰባት ዓመቴ ቢሆንማ እጠብቅ ነበር፣ ሲስተር።» አለች ጩጬ። «መታወቂያውን ለሥራ ብዬ ነው ያስቀነስኩት። ማህፀኔ ደግሞ መታወቂያ አያነብም።»

ነርሷ ትንሽ አየቻትና አዲስ ካርድ አውጥታ «31» ብላ ጻፈች። «እንዲያውም አንቺ መጀመሪያ ትገቢያለሽ። አልጋውን ላዘጋጅ» ብላ ወደ መጋረጃው አለፈች።

ቀላሉ አለቀ። ጩጬ ወደ ኋላዋ ዞረች።

«እትዬ...»

«ወንድሜ ያውቃል?» አለች የባሏ እህት።

«አያውቅም።»

«ያገናኘኋችሁ እኮ እኔ ነኝ! ታናሹ ናት ብዬ ለእናቴ የማልኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ግን እንዲሰማው አልፈልግም።» ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አወጣች።

«ኧረ ማታ ረጋ ብለሽ ንገሪው» አለቻት ባለቁልፏ።

«ማታማ ወኔዬ ይከዳኛል።»

ደወለች፤ ባሏ ወዲያው አነሳው። ሰላምታውን አላስጨረሰችውም፤ መታወቂያውን፣ አጎቷን፣ ሠላሳ አንዱን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችለት። «ተቆጣ፣ መብትህ ነው። ምርመራውን ግን አልተወውም» አለችው።

ባሏ ቀስ ብሎ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ?» አለ።

«ግቢ፣ እህቴ!» አለች ነርሷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ።

ጩጬ ስልኩን አየች፤ መጋረጃውን አየች። ከዚያ ስልኩን ለባሏ እህት አቀበለቻት። «እትዬ፣ ያዢልኝ። ተራዬ ነው።»

አልጋው ጠባብ ነው፤ የላስቲክ ንጣፉ ጀርባዋን አቀዘቀዘው። ነርሷ ጉልበቷን እንድታጥፍና ዘና እንድትል ነገረቻት። ጉልበቷን አጠፈች፤ ዘና ማለቱ ግን አልሆንልሽ አላት። ጆሮዋ ውጭ ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ... አዎ፣ ሠላሳ አንድ... እኔ ምኑን አውቄ!» እያለች ነው የባሏ እህት። ጩጬ ትንፋሿን ዋጠች።

«ስማኝማ» አለች የባሏ እህት ከመጋረጃው ወዲያ። «ተናደድ፣ እኔም ተናድጃለሁ። ግን እኔ ታላቅህ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በሩ ላይ ቆሜ መግባት ፈርቻለሁ። እሷ ገብታለች። አሁን ዝጋው፤ ስትወጣ ራሷ ትደውልልሃለች።»

ጩጬ የዋጠችውን ትንፋሽ ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

«እንደሱ» አለች ነርሷ። «ጎበዝ።»