በጨርቆቹ መሃል የተቀዳ «እህ»

«በቃ፣ አቁሚ» አለች አስተማሪዋ፣ መቅጃውን ጠቅ አድርጋ እያጠፋች። «አሁንም ዜና ነው ያነበብሽልኝ። አጎትሽ ጥርሱን ሊያስነቅል ነው የሄደው ወይስ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ?»

ተማሪዋ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ከጠዋት ጀምሮ ይህችኑ ታሪክ ስትጀምር ስታቋርጥ ውላለች። የተቀመጡት ከልብስ ስፌት ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ መጋዘን ውስጥ ነው። እስከ ጣሪያው የተደረደረው ጣቃ ጨርቅ የመንገዱን ጩኸት ስለሚውጥ፣ አስተማሪዋ ድምፅ ለመቅዳት ከዚህ የተሻለ ክፍል አላገኘችም።

ተማሪዎቿ ጽፈው፣ በአፋቸው ተርከው የሚቀዱት ታሪክ ሁሉ ወደ ሕፃናት ሆስፒታል ይሄዳል። የሌሎቹ አልቋል። የቀረችው ይቺ ናት፤ የሷ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ታናሽ እህቷ የተኛችው ጠያቂ በማይገባበት ክፍል ነው። ወደዚያ የሚዘልቅ ነገር ቢኖር ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱንም ተረኛዋ ነርስ ማምሻውን ስታልፍ ልትወስደው ቀጠሮ ይዛለች።

«ይሄን ብትልኪላት» አለች አስተማሪዋ፣ «ልጅቷ ‹ይቺ ሴትዮ ማናት? እህቴን ጥሩልኝ› ነው የምትለው።»

ነገሩ እውነት ስለሆነ ተማሪዋ አንገቷን ደፋች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ተማሪዎቹ አስተማሪዋን ከኋላዋ «ምላጭ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ምላጭ የሆነችው ሌላ ሰው ሞርዷት አይደለም። ከተጣለ ጋዜጣና ከተዋሰችው መጽሐፍ እየለቀመች፣ አንድም ሰው እጇን ሳይዛት ነው ፊደልን ሥራዋ ያደረገችው። «እኔን ያስተማረኝ የለም» ማለት ትወዳለች፤ ሳይጠይቋትም ትለዋለች። በአንድ ትንፋሽ የማያልቅ ዓረፍተ ነገር ካየች ትሰርዛለች። ሲቀዳ ደግሞ ዝንብ አትፈቅድም፤ በሩ ላይ «የሚያስነጥስ ውጭ ያስነጥስ» ብላ ለጥፋለች።

«እንደገና» አለችና መቅጃውን ከፈተች። ይኼኔ በሩ ሲጥ ብሎ ልብስ ሰፊው ገቡ፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጥቁር ገበር ፈልገው ነበር። ቤቱ የሳቸው ነው፣ የሰጧትም በነጻ ነው፤ እሷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በዓይኗ አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ውጠው ከተማሪዋ ፊት ለፊት ጣቃው ላይ ቁጭ አሉ።

«አጎቴ ጥርሱን ታሞ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ» ብላ ጀመረች ተማሪዋ፣ ውሃ ውሃ በሚል ድምፅ። «ሐኪሙም የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ነቀለው።»

«እህ?» አሉ ልብስ ሰፊው።

አስተማሪዋ ዓይኗን አጉረጠረጠችባቸው። እሳቸውም ደንግጠው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ተማሪዋ ግን ቀና አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን አነሳች።

«የገባውማ ቤት ደርሶ በምላሱ ሲዳስስ ነው» አለቻቸው። «የሚያመው እዚያው ተኮፍሶ ቁጭ ብሏል።»

«ከዚያስ?» አሉ ልብስ ሰፊው፣ አፋቸውን እንደከደኑ።

«ከዚያማ ተመልሶ ሄደና ጥርሴን መልሱልኝ አለ። ‹ጋሼ፣ ተጥሏል እኮ› ቢሉት፣ ‹እንዴት ተደርጎ? ስንት ዘመን አብረን የበላን!› አላቸው።»

የአስተማሪዋ ጣት ማቆሚያው ላይ ነበር፤ አልተጫነችውም። ተማሪዋ ጉንጯን ነፍታ አጎቷን ሆነች፣ ወዲያው ደግሞ ሐኪሙን ሆነች። ወረቀቱ ከጉልበቷ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ያነሳው የለም። ልብስ ሰፊው ሳቃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ፊታቸውን አጠገባቸው ባለው የሱፍ ጣቃ ውስጥ ቀበሩ።

አስተማሪዋ የምታየው እሳቸውን ነበር። ወደፊት ጋደል ያለውን ትከሻ፣ ከነገሩ ቀድሞ ከፍ የሚለውን ቅንድብ። ይህን ፊት ታውቀዋለች። ያሳደገቻት አክስቷ ያኔ ፋብሪካ ቆማ ውላ ትገባና እግሯን ሳፋ ውስጥ ትነክር ነበር። ያኔ ልጅ የነበረችው አስተማሪዋ ያየችውንም ያላየችውንም ስታወራላት አንድ ቀን እንኳ «ደክሞኛል፣ ተይኝ» ብላት አታውቅም። «እህ» ትላለች። «ከዚያስ?» የአክስቷ ዓይን ከደን ከደን ካለ ወሬው ተንዛዝቷል ማለት ነው፤ ልጅቷ ያን ጊዜ ታሳጥረዋለች። ዓይኗ ከተገለጠ ደግሞ ወሬው ሰምሮላታል። «ያስተማረኝ የለም» የምትለው እሷ፣ ያን ዓይን እያየች ስንት ነገር እንደሰረዘች፣ ስንቱን እንደገና እንደጀመረች ትዝ አላት።

ታሪኩ አለቀ።

«አበላሸሁባችሁ አይደል?» አሉ ልብስ ሰፊው። «ሰው ሲያወራ ዝም ማለት አልሆንልህ ብሎኝ ነው።»

«የሳቸውን ድምፅ ቆርጠን እናውጣው፣ ቲቸር?» አለች ተማሪዋ።

«ንኪውና ጣትሽን በሳቸው መቀስ ነው የምቆርጠው።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች።

ምላጭ ስታመሰግን ሰምተው ስለማያውቁ ሁለቱም ተያዩ።

ማምሻውን ነርሷ መጥታ ታሪኩ የተቀዳበትን ፍላሽ ይዛ ሄደች። ተማሪዋም እስከ ሆስፒታሉ በር ልሸኝ ብላ ተከተለቻት። ልብስ ሰፊው ገበራቸውን ታቅፈው ወጡ፤ ወዲያው የስፌት መኪናው ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ቀጠለ።

አስተማሪዋ በጨርቆቹ መሃል ብቻዋን ቀረች። ስልኳን አውጥታ ወደ አክስቷ ደወለች።

«አቤት፣ ልጄ» አለች አክስቷ። ከወዲያ በኩል ሳፋ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

የሰዉን መግቢያ ሁሉ ስትሰርዝ የኖረች ልጅ የራሷን መግቢያ አጣች። «አክስቴ» አለችና ቆመች።

ውሃው ጸጥ አለ።

«እህ?» አለች አክስቷ።