ስንት ጣት ነው?

ኢክሪማ በሚኒባሱ መስታወቶች ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ላስቲክ በምላጭና በሙቅ ውሃ ሲፍቅ አረፈደ። ከሚዛን ቴፒ የሚመላለስበት ይኸው መኪና ነው የቤቱ እንጀራ፤ ዛሬ ቦሎ ካላገኘ ነገ ትራፊክ ታርጋውን ይፈታበታል።

የቦሎ መርማሪው አቶ ባየ መስታወት የሚፈትሹበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ከመኪናው ወዲያ ቆመው ጣት ያነሳሉ፤ ባለመኪናው ወዲህ ሆኖ በሁለቱ መስታወት አሳልፎ ይቆጥራል። ከሳተ ቦሎ የለም።

"ባለፈው ሰባት ብለኸኛል" አሉት። "ያነሳሁት አንድ እጄን ነበር።"

"ዛሬ ዝንብ ብታልፍም ትታያለች፣ ጋሼ።" ኢክሪማ በሮቹን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ስንት ነው?" አሉ ከወዲያ።

"ሦስት።"

"አሁንስ?"

"ሁለት።"

"ጎሽ። የኋላው ወንበር ጋ ደግሞ እንሞክር።"

ኢክሪማ ወደ ኋላው መስታወት ሄዶ አየ። የተነሳው እጅ ከቀድሞው ቀረብ ብሎ፣ ጥፍሩ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"አምስት" አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ። "አምስት ነው፣ ጋሼ። አለፍኩ?"

"ምን ያጣድፍሃል? ገና መች አነሳሁ።"

ድምፁ የመጣው ከጀርባው ነው። አቶ ባየ ቅጹን ይዘው፣ የሰሌዳውን ቁጥር ለማየት ወደ እሱ በኩል ዞረው መጥተዋል።

ኢክሪማ በጣቱ ወደ መስታወቱ አመለከታቸው። ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፤ ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። እጁ በተቆለፈው መኪና ውስጥ፣ ከወንበሩ በላይ እንደተነሳ ነው። አውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ታጠፈ።

"አራት" አሉ አቶ ባየ፣ በዝግታ።