የማይገመት የይለፍ ቃል

ሌቦች የይለፍ ቃልን ሁሉ መስበር ከቻሉ ወዲህ፣ የቤት ዋይፋይ የሚቆለፈው ለማንም ባልተነገረ እውነት ብቻ ነበር። ሊጠቀም የሚፈልግ የቤቱ ሰው ደግሞ ያንኑ እውነት ለስልኩ በድምፁ መድገም ነበረበት።

ማንያዘዋል አዲሱ ራውተር ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና «ዲግሪዬ የተገዛ ነው» አለ። ቀይ መብራት በራ።

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን!» አለች ሚስቱ የሺመቤት ከሶፋው ላይ ሆና።

«ፀጉሬን ቀለም እቀባለሁ።» አሁንም ቀይ።

የሺመቤት ሳቀች። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲኮፈስ ኖሮ፣ የረባ ምስጢር እንኳ የለውም ለካ! «ዞር በል እስቲ» ብላ ገፋ አደረገችውና ወደ ራውተሩ ጎንበስ አለች። «ባሌ ልቡን ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ የተሳልኩት እንዲድን አልነበረም። እንዳይመለስ ነበር።»

አረንጓዴው መብራት በራ።

ምን እንዳለች ለራሷም የተሰማት ያኔ ነው። ማንያዘዋል ቀና ብሎ አላያትም። ስልኩን አውጥቶ ቃሏን አንድም ሳያስቀር ደገመው፤ ስልኩም ተገናኘ።

«ማንዬ፣ ሌላ እናስገባ» አለችው ድምፅዋ ተሰብሮ።

«ለምን? ጠንካራ ነው» አላት። «እኔ እንኳ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬሽ ኖሬ አልገመትኩትም።»