በተቻለ መጠን

የማሪካ እጅ የአገሯ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ አርፎ ቀረ። በብራስልሱ የስብሰባ አዳራሽ ለመናገር የፈለገ የአገር መልእክተኛ የተጋደመውን ሰሌዳ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። የኅብረቱ አባል አገሮች ስለ ፍትሕ፣ ነጻነትና ጸጥታ ለሚመሩበት የአምስት ዓመት ዕቅድ የቀረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «የታሰረ ሰው በሚሰማው ቋንቋ አስተርጓሚ ይመደብለታል።» እሷ ደግሞ «በተቻለ መጠን» የሚል እንድታስጨምርበት ሚኒስትሯ አዘዋታል።

«በናትሽ ማሪካ፣ አታቁሚው» አላት አጠገቧ የተቀመጠው ግሪካዊው ስቴሊዮስ። «ከጠዋት ጀምሮ ወገቤ ተቆረጠ እኮ!»

«ትእዛዝ ነው።»

«ያልታዘዘ ማን አለ? እኔስ ትናንት አንዱን አንቀጽ እንዲሁ ሽባ አድርጌው የለ?»

ሊቀመንበሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች። «ተቃውሞ አለ?» አለች። ማሪካ በዚያች እጇ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንቱን «ይደረጋል» «ሊደረግ ይችላል» እንዳሰኘች አሰበችና ክንዷ ድንጋይ ሆኖ ከበዳት። ቀስ ብላ እጇን ከሰሌዳው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ጸድቋል!» አለች ሊቀመንበሯ።

ስቴሊዮስ አፍጥጦ አያት። «ለሚኒስትርሽ ምን ልትዪ ነው?»

«ደክሞኝ ነበር እላቸዋለሁ» አለችው። ውሸቷንም አልነበረም።